ንስርን በ1/48 መሥራት፦ ጥቃቅኖቹን ክፍሎች ከባዶ እንዴት እናውጣቸው?

ንስር48 (አዲስ አበባ)

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች።

የአፖሎ 11ን የጨረቃ ማረፊያ መንኮራኩር በ1/48 እየሠራሁ ነው። ሐምሌ 13 ቀን 1961 (እ.ኤ.አ. ጁላይ 20፣ 1969) ጨረቃ ላይ ያረፈችውን ንስርን ማለቴ ነው። እውነተኛዋ ቁመቷ 7 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ልክ ስትሠራ 14.7 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ ዓይን በቅርብ የሚያያት ነገር ናት።

የኪቱ (ተገጣጥሞ እንዲሠራ በክፍል በክፍል የሚሸጠው የፕላስቲክ ሞዴል) ዋና አካል ደህና ነው። እኔን ያስቸገረኝ ጥቃቅኑ ነው። ሁሉም ወፍራም ነው። መሰላሉ፣ የእግሮቹ ድጋፍ ዘንጎች፣ አንቴናዎቹ፣ አቅጣጫ ማስተካከያ ሮኬቶቹ። ፕላስቲክ በፋብሪካ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እንዲፈስ የግድ መወፈር አለበት፤ ይሄ ይገባኛል። ግን የንስር ነገሯ ሁሉ ቅጥነቷ ነው። የሠራት የግሩማን ኩባንያ መሐንዲሶች ከእያንዳንዱ ክፍል ላይ ክብደት ለመቀነስ ዓመታት ታግለዋል። የላይኛው ክፍል ቆዳ በአንዳንድ ቦታ 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ወፍራም አድርጎ መሥራት እኮ ታሪኳን መቀየር ነው።

ስለዚህ ከባዶ ልሠራ ወስኛለሁ። ሦስት ነገር ላይ ምክር እፈልጋለሁ።

አንደኛ፣ ሮኬቶቹ። በአራት ማዕዘን አራት አራት ሆነው 16 ናቸው። የእያንዳንዳቸው ኖዝል (ነበልባሉ የሚወጣበት ደወል መሰል ክፍል) አፍ 14 ሳ.ሜ. ገደማ ነው፤ በ1/48 ወደ 2.9 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 16ቱም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው።

ሁለተኛ፣ ከሮኬቶቹ ሥር ያሉት የነበልባል ማዞሪያዎች፣ የተሸከሟቸው ቀጫጭን ዘንጎች ጭምር።

ሦስተኛ፣ ንስርን የሚሸፍነው ወርቃማ ፎይል። ገበያ ያገኘሁት የቸኮሌት ወርቃማ ወረቀት ሁሉ ሠርግ ሠርግ ይላል።

ያለኝ መሣሪያ ከተር፣ ወረንጦ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ትንሽ ድሪልና ካሊፐር ነው። ከውጭ ማዘዝ ለጊዜው አልችልም። ምን አለሽ ተራ ግን ቅርቤ ነው።

---

የሳሪስ ልጅ

ወንድሜ፣ እንኳን ጀመርክ! ዘንጎቹን እኔ ልያዝልህ።

የኪቱ ክፍሎች የተያያዙበትን የፕላስቲክ ዘንግ አትጣል። ትልቁ ሀብትህ እሱ ነው። አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጥ። ሻማ ለኩስ። ዘንጉን ከነበልባሉ በላይ ያዝ እንጂ ነበልባሉ ውስጥ አታስገባው፤ ይጠቁራል፣ ይነዳል። በጣቶችህ እያሽከረከርክ አሙቀው። መሃሉ ማብረቅረቅና መለስለስ ሲጀምር ከሻማው አርቀው። ከዚያ ለአፍታ ቆም በል። ይቺ ቆምታ ናት ቁልፏ። ወዲያው ከሳብከው ፀጉር ሆኖ ይበጠሳል። ትንሽ ከቆየህ በኋላ ሁለቱን ጫፍ ሳብ።

ቀስ ብለህ ከሳብክ ወፈር ይላል፤ ፈጠን ካልክ ይቀጥናል። እስኪቀዘቅዝ ወጥረህ ያዘው፤ አለዚያ ይጎብጣል። አንዴ ተቀምጠህ ብዙ ሳብና በካሊፐር ለክተህ በየውፍረቱ ለየብቻ አስቀምጥ። 0.3 በአንድ ፖስታ፣ 0.5 በሌላ። ስትሠራ የሚያስፈልግህን ከፖስታው መምዘዝ ነው።

ለነበልባል ማዞሪያዎቹ ድጋፍ ይሄ በቂ ነው፤ ሸክም የለባቸውም። ለእግሮቹ ግን አይሆንም። ሞዴሉን ተሸካሚ እነሱ ናቸው፤ በጊዜ ብዛት ይጎብጣሉ። እዚያ ብረት ያስፈልግሃል።

---

ሰዓት ጠጋኝ

ልጆች፣ ሰላም ናችሁ? ዕድሜዬን በሙሉ ሰዓት ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። መንኮራኩር መሥራት የጀመርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ንስር48፣ በእግሮቹና በሮኬቶቹ ላይ የማውቀውን ልንገርህ።

ለእግሮቹ ፋርማሲ ግባና የመርፌ ጫፍ ግዛ። አዲስ፣ ያልተከፈተ ይሁን። የተጣለ መርፌ በምንም ዓይነት አትንካ። መርፌ ማለት ላንተ ልኩ የታወቀ የብረት ቱቦ ነው። መቀመጫው ፕላስቲክ በቀለም ተለይቷል። ሮዙ 18 ቁጥር ነው፤ የውጭ ውፍረቱ 1.27 ሚሊ ሜትር። አረንጓዴው 21 ቁጥር፣ 0.82። ሰማያዊው 23 ቁጥር፣ 0.64። ብርቱካናማው 25 ቁጥር፣ 0.51። በ48 እያባዛህ የትኛው ለየትኛው ዘንግ እንደሚሆን ማወቅ ትችላለህ። ለምሳሌ አረንጓዴው እውነተኛው ላይ ወደ 4 ሳ.ሜ. የሚጠጋ ቱቦ ይሆናል።

ደግሞ አንዱ ሌላው ውስጥ ይገባል። የእግሩ ዋና ዘንግ እኮ ሁለት ቱቦ ነው፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ይንሸራተታል። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተሠራ አሉሚኒየም ነበረበት። ሲያርፉ እሱ እየተጨፈለቀ ግጭቱን ይቀበላል። በመርፌ ከሠራኸው ሞዴልህም ልክ እንደዚያው የተሠራ ይሆናል። የመርፌ ብረት ጠንካራ ስለሆነ በፒንሳ አትቁረጠው፤ አፉ ይጨፈለቃል። በቀጭን ሞረድ ዙሪያውን ጫር ጫር አድርገህ ስበረው። መነጽር አድርግ።

አሁን ወደ ኖዝሎቹ። አንድ ዓይነት አሥራ ስድስት ነገር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው መሣሪያውን ነው።

ወፈር ያለ የብረት ሚስማር ያዝ። ራሱን ቁረጠውና ድሪሉ ላይ እሰረው። ድሪሉን ሞርሳ ላይ አጥብቀህ በዝግታ እያሽከረከርክ ጫፉን በሞረድ የኖዝል ቅርጽ አውጣለት። ቀጥ ያለ ሾጣጣ እንዳታደርገው። ደወል ነው ቅርጹ፤ ከጉሮሮው ቶሎ ይሰፋና ወደ አፉ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ከዚያ በ1000፣ ቀጥሎ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ድረስ አለስልሰው። ሚስማሩ ላይ የቀረች ጭረት አሥራ ስድስቱም ላይ ትታያለች። ሰፊው ጫፍ 2.9 ሳይሆን 2.6 አካባቢ ይሁን፤ ፕላስቲኩ ራሱ ውፍረት ይጨምራል።

ፕላስቲኩን ከእርጎ ኩባያ ታገኛለህ። ሥሩ ላይ ባለሦስት ማዕዘኑ ምልክት ውስጥ 6 ቁጥር ያለበትን ምረጥ፤ እሱ ፖሊስቲሪን ነው፣ እንደ ኪቱ። 5 ቁጥሩ ማስቲሽ አይቀበልም። ቁራጩን መሃላቸው ቀዳዳ ባላቸው ሁለት ጣውላዎች መካከል አጣብቀህ ከሻማ በላይ አሙቀው። መሃሉ ትንሽ ረገብ ሲል ሚስማሩን ቀጥ አድርገህ ጫነው። ቀድመህ ሚስማሩን ሳሙና ቀባው፤ በኋላ በቀላሉ ይወጣል።

አሁን ዋናው ነገር። ቶሎ አታውጣው። ከነሚስማሩ ድሪሉ ላይ መልሰህ እሰረውና በዝግታ እያዞርክ ትርፉን በከተር ጫፍ ቁረጥ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አቅጥነው። ጠርዙ ሲቀጥን ኖዝሉ በሙሉ ቀጭን ይመስላል። ዓይን ጠርዝ ነው የሚያየው።

---

ሬዚን በጠርሙስ

ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ፤ ግሩም ነው። ግን ስሪ ዲ ፕሪንተር ባለበት ዘመን ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? አሁን ከተማ ውስጥ በሬዚን (በብርሃን በሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) የሚያትሙ ልጆች አሉ። 16ቱንም ኖዝል በአንድ ጊዜ ያወጡልሃል። አንዱ ንብብር 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሽፋሽፍት እንኳ ከዚያ ይወፍራል።

---

ሰዓት ጠጋኝ

ልጄ፣ እኔም አልጠላውም። የልጅ ልጄ አትማልኝ አይቻለሁ። ኖዝሎቹ የተያያዙበት መሃለኛ ሳጥን ለዚያ የተፈጠረ ነው፤ ማዕዘን አለው፣ ቦልት አለው። እሱን አትሙት።

ጠርዝ ላይ ግን ሬዚን እጅ ይሰጣል። ግድግዳውን ከ0.3 በታች ስታወርደው ይሸበሸባል ወይም ይሰበራል። ሲታተም የደገፉት ቀጫጭን ዘንጎች የተነቀሉበት ቦታም ጠባሳ ይቀራል። ጠባሳው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እዚያው ጠርዙ ላይ ነው። ቀጭን ረጅም ዘንግ ደግሞ በጭራሽ በሬዚን አታድርጉ። ዛሬ ቀጥ ያለው ነገ ጎብጦ ታገኙታላችሁ።

---

ሬዚን በጠርሙስ

ተቀብያለሁ ጋሼ። ሳጥኑን እኔ ዲዛይን አደርገዋለሁ። ንስር48፣ ልኩን ላክልኝና ፋይሉን ለሁሉም እዚሁ እለጥፋለሁ።

---

የዲሲዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ከወዲህ ማዶ። ዋሽንግተን ዲሲ ብሔራዊ የአየርና የጠፈር ሙዚየም ውስጥ አንዲት እውነተኛ የጨረቃ ማረፊያ አለች። እዚህ አካባቢ ላላችሁ ሐበሾች ሁሉ እላለሁ፦ መግቢያው ነፃ ነው፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ በሄድኩ ቁጥር የማላውቀው ነገር አገኛለሁ።

ግን ንስር48፣ አንድ ነገር ልብ በል። እሷ ኤል.ኤም.-2 (ሁለተኛዋ የጨረቃ ማረፊያ) ናት። ወደ ጠፈር አልወጣችም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1968 አፖሎ 5 ላይ ኤል.ኤም.-1 ያለ ሰው ተልካ ሙከራው ስለተሳካ ሁለተኛዋን መላክ አላስፈለገም። መሬት ላይ ለመውደቅ ሙከራ አገለገለች። በ1970 ኦሳካ ኤክስፖ ላይ ታየች። በኋላ ሙዚየም ስትገባ አፖሎ 11ን እንድትመስል ተደርጋ ተስተካከለች። ስለዚህ የፎይል አጣጠፉን፣ የብረቱን ሸካራነት፣ የነገሮችን ስፋት ከእሷ ተማር። የትኛው ሰሌዳ ምን ቀለም ነው፣ የትኛው እግር ላይ ምን አለ የሚለውን ግን ከጨረቃ ከመጡት ፎቶዎች ብቻ ውሰድ።

ጠፈርተኛው አልድሪን በመሰላሉ ሲወርድ ጓደኛው አርምስትሮንግ ያነሳቸውን ፎቶዎች ተመልከት። የፎቶ ቁጥር ኤ.ኤስ.11-40-5866ንና ተከታዮቹን ፈልግ። የላይኛው ክፍል ብቻውን ሲመለስ፣ ከኋላው ምድር የምትታይበት ደግሞ ኤ.ኤስ.11-44-6642 ነው። ሁሉም ኢንተርኔት ላይ በትልቅ ጥራት በነፃ አሉ።

ከፎቶ ለመለካት አንድ የታወቀ ነገር ያዝ። የእግር መርገጫ ሳህኑ 94 ሳ.ሜ. ስፋት አለው፤ ባንተ ልክ 19.6 ሚሊ ሜትር። በፎቶው ላይ ሳህኑን ለካ፤ አጠገቡ ያለውን ነገር ከእሱ ጋር አነጻጽር። ግን ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ ያለውን ብቻ። ከኋላ ያለውን በዚያ ከለካህ ያንስብሃል።

የነበልባል ማዞሪያዎቹን ስላነሳህ ደስ ብሎኛል። አፖሎ 9 እና 10 ላይ አልነበሩም። ከንስር ጀምሮ ነው የገቡት። ወደ ታች የሚተፉት አራት ሮኬቶች የታችኛውን ክፍል እንዳይጠብሱ ነው የተሠሩት። ሥራቸውን ካወቅህ አቀማመጣቸው አይሳሳትብህም። እግሮቹ ፊት፣ ኋላ፣ ቀኝና ግራ ናቸው። ሮኬቶቹ በእግሮቹ መካከል፣ በ45 ዲግሪ ላይ ናቸው። ማዞሪያዎቹ ከእነሱ ቀጥታ ሥር።

---

ንስር48 (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄ 45 ዲግሪ የሚለው ብቻውን ብዙ ነገር አጠራልኝ።

ጋሼ፣ የሚስማሩን ዘዴ ሞክሬ ኖዝሎቹ እየወጡልኝ ነው። ጠርዛቸው በብርሃን ፊት ሲያዝ ያሳልፋል። ከኪቱ ኖዝል ጎን ሳስቀምጠው ሌላ ዓለም ነው። አንድ ጥያቄ፦ ቀለማቸው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ብርማ ይቀባቸዋል።

---

የሳሪስ ልጅ

ብርማ አይደሉም። የማቃጠያ ክፍሉ ሞሊብዲነም ነው፤ ኖዝሉ ደግሞ የኮባልት ቅይጥ። ጠቆር ያለ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ ብረት ነው። ጥቁር ግራጫ ቀብተህ ከደረቀ በኋላ የእርሳስ ዱቄት በጣትህ አሸት አሸት አድርግበት። የብረት ነጸብራቅ ይሰጥሃል። ውስጡን ከውጭው ይበልጥ አጥቁረው።

---

የዲሲዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

አሁን ፎይሉን ላንሳ፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው።

ያ ወርቃማ ነገር ወርቅ አይደለም። ካፕቶን የሚባል ፕላስቲክ ነው። በራሱ አምበር ቀለም ያለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ነገር ነው። ከጀርባው አሉሚኒየም ተረጭቶበታል። ብርሃን በአምበሩ ውስጥ ያልፍና አሉሚኒየሙ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ለዚህ ነው እንደ ሠርግ ወርቅ የማይጮኸው። ጥልቀት አለው፤ በጥላ በኩል ወደ ቡናማ ይሄዳል።

ስለዚህ ያንኑ አሠራር ድገመው። ተራ የወጥ ቤት ፎይል ውሰድ። ውፍረቱ ወደ 0.016 ሚሊ ሜትር ነው። በላዩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም ቀባ። የታሚያ ቀለም ካገኘህ ኤክስ-26 ብርቱካናማውንና ኤክስ-24 ቢጫውን ቀላቅል። ካላገኘህ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ውስጥ ጥቂት ብርቱካናማ የማርከር ቀለም ጠብ ማድረግ ይሠራል። በስሱ፣ ደጋግመህ ቀባ። አንዱ ቁራጭ ላይ ሁለት ጊዜ፣ ሌላው ላይ ሦስት ጊዜ። በፎቶዎቹም ላይ ሁሉም ቁራጭ እኩል አይደለም።

ቀጥሎ መጨማደዱ። የታችኛው ክፍል ብርድ ልብስ ብዙ ስስ ንብብር ነበረው። ንብብሮቹን ሠራተኞች በእጃቸው ሆን ብለው ይጨማድዷቸው ነበር። ጠፍጣፋ ሆነው ከተነባበሩ ይነካካሉ፤ ከተነካኩ ሙቀት ያስተላልፋሉ። ሲጨማደዱ የሚነካኩበት ቦታ ያንሳል። አየሩም ጠፈር ላይ በቀላሉ ይወጣል። የንስር መጨማደድ የሥራ ውጤት ነው።

አንተም በእጅህ ጨማድደው። ግን በልኩ። የ5 ሳ.ሜ. እጥፋት በ1/48 ወደ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ፎይሉን ጨብጠህ ከከፈትከው የሚወጣው እጥፋት በጣም ትልቅ ነው፤ ሞዴሉን ያሳንሰዋል። ፎይሉን በሦስት አራት ሚሊ ሜትር ልዩነት በወረንጦ ጫፍ እየቆነጠርክ ሰብስበው፤ ከዚያ በጣትህ ቀስ ብለህ ዘርጋው። ለመለጠፍ ውሃ የተቀላቀለበት ኮላ ይበቃል። ሱፐር ግሉ አታድርግ፤ ነጭ ጉም ይተውበታል።

ደግሞ ሁሉንም ወርቃማ አታድርገው! የታችኛው ክፍል ላይ ጥቁር ሰሌዳዎች አሉ። ሙቀት የሚበዛበት ቦታ ኢንኮኔል የሚባል ብረት በጥቁር ተቀብቶ ተሸፍኗል። ጥቁሩ ፎይል ጠፍጣፋ ነው፤ እጥፋቱ ጥቂት ነው።

---

ሬዚን በጠርሙስ

ይሄንን የካፕቶን ነገር ሳላውቅ ስንት ዓመት ኖሬአለሁ። እህቴ፣ ተባረኪ።

---

የሳሪስ ልጅ

እኔ ደግሞ እግሮቹ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ የንስር ሞዴል አያለሁና ያናድደኛል።

ከእግር ሳህኖቹ ሥር የሚንጠለጠሉት ዳሳሽ ዘንጎች ሦስት ናቸው። አራት አይደሉም። መሰላሉ ያለበት የፊተኛው እግር ላይ የለም። መጀመሪያ ታስቦ ነበር፤ ግን ሲያርፉ የተጣመመ ዘንግ በመሰላሉ የሚወርደውን ሰው እንዳያውክ ተብሎ ተነሳ። እያንዳንዳቸው 1.73 ሜትር ናቸው፤ ባንተ ልክ 36 ሚሊ ሜትር። ከሦስቱ አንዱ መሬት ሲነካ ካቢኔው ውስጥ ሰማያዊ መብራት ይበራል፤ ጠፈርተኞቹም ሞተሩን ያጠፋሉ።

አሁን ወሳኙ ጥያቄ፦ ንስር48፣ ንስርህ እየበረረች ነው ወይስ አርፋለች? እየበረረች ከሆነ ዘንጎቹ ቀጥ ብለው ወደ ታች ይንጠለጠሉ። አርፋ ከሆነ ከሳህኑ ሥር ተጣጥፈው ወደ ጎን ወጥተው መታየት አለባቸው። አርፋ እያለች ቀጥ ያለ ዘንግ ካለ፣ መንኮራኩሯ በዘንግ ላይ ቆማለች ማለት ነው።

የጊታር ክር ለዚህ ምርጥ ነው። ቀጭኗ ክር 0.25 ሚሊ ሜትር ናት። የሙዚቃ መሣሪያ ሱቆች የተበጠሰ ክር በነፃ ይሰጣሉ። ለታጠፈው ግን የመዳብ ሽቦ ተጠቀም። የጊታር ክር አይታጠፍም፣ ተመልሶ ይፈናጠራል። ከድሮ የስልክ ገመድ ውስጥ የሚወጣው መዳብ ልኩ ነው።

---

ንስር48 (አዲስ አበባ)

አርፋለች። ለዚህ ነው የእግሮቹ ዘንግ ያስጨነቀኝም። አርምስትሮንግ በጣም ለስላሳ ስላሳረፋት ዋናዎቹ ዘንጎች ብዙም አልገቡም። የመሰላሉ የመጨረሻ እርከን ከሳህኑ በጣም ከፍ ብሎ ቀርቷል። ይሄ ከፍታ በሞዴሉ ላይ በደንብ እንዲታይ እፈልጋለሁ።

መሰላሉን ከ0.4 የመዳብ ሽቦ ጀምሬዋለሁ። 9 እርከን ነው። በካርቶን ላይ መስመር አስምሬ፣ ሁለቱን ቋሚዎች በፕላስተር አጣብቄ፣ እርከኖቹን በወረንጦ እያስቀመጥኩ ነው። ሁሉም ደርቀው ካለቁ በኋላ ትርፍ ትርፉን በአንድ ጊዜ እቆርጣለሁ።

---

የመጀመሪያዬ ነው

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ገና አዲስ ነኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ጠፈር ጠፈር እያለ አላስተኛ ብሎኛል። አንዲት ኪት አለችን። ይሄን ሁሉ ሳነብ ተደሰትኩ፤ ግን ሻማና ስለት ፈራሁ። ልጅ የሚሠራው ጥቃቅን ነገር አለ?

---

የዲሲዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ! አለ እንጂ። መሰላሉ ላይ የታሰረችውን ሰሌዳ ሥሩ። ሰዎች ከምድር ወደዚህ መጥተዋል ብሎ የሚናገረው ሰሌዳ ነው። እውነተኛው 22.9 በ19.4 ሳ.ሜ. ነው። በ1/48 ወደ 4.8 በ4 ሚሊ ሜትር። ልጁ ራሱ ለ48 ያካፍለው፤ ሒሳቡን ይወደዋል። ከፎይል ላይ በመቀስ ይቆረጣል። ጽሑፉን በእርሳስ ጫፍ ጭረት ጭረት ማድረግ ይበቃል። ከዚያ ፎይል መጨማደዱ አለ። እሱን ልጆች ከእኛ በተሻለ ይሠሩታል።

---

የሳሪስ ልጅ

አንድ ማስጠንቀቂያ ለሁላችንም፣ ልጅ ላላቸው በተለይ። አንዳንዱ ሰው ፕላስቲክ ለማጣበቅ አሴቶን ይጠቀማል። ፖሊስቲሪንን ያቀልጣል፤ በደንብ ያጣብቃል። ግን ትነቱ በቀላሉ ይነዳል። አሴቶን በተከፈተበት ክፍል ውስጥ ሻማ አይለኮስም። ዘንግ መሳቡን ዛሬ፣ ማጣበቁን ነገ አድርጉት። መስኮት ክፈቱ።

---

ሬዚን በጠርሙስ

አንድ የምከራከርበት ነገር አለኝ። ንስር48 መጀመሪያ ላይ ስለ 0.3 ሚሊ ሜትር ቆዳ ተናግሯል። ያንን ለ48 ስናካፍል 0.006 ይመጣል። ፎይል እንኳ ከዚያ ከእጥፍ በላይ ይወፍራል። ታዲያ እስከ የት ነው የምናቀጥነው? አንዳንድ ነገር ትንሽ ወፈር ካላለ እኮ ጭራሽ አይታይም። እኔ አንቴናዎችን ሆን ብዬ ትንሽ አወፍራለሁ።

---

ንስር48 (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። የማይታይ ከሆነ አይታይ። እውነተኛዋንም ከሩቅ ስታያት አንቴናዎቿ ይጠፋሉ። ቀርበህ ስትመለከት ብቅ ሲሉ ነው ትልቅነቷ የሚሰማህ። ሁሉም ነገር በአንዴ ከታየ መጫወቻ ትሆናለች። ሰው ጎንበስ ብሎ እንዲፈልግ እፈልጋለሁ።

---

ሰዓት ጠጋኝ

ሁለታችሁም የምትሉት ገብቶኛል። ከሰዓት ሥራ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ክፍሉን በሙሉ ማቅጠን ሳይችሉ ሲቀሩ ጠርዙን ብቻ ያቀጥኑታል። የነበልባል ማዞሪያውን ሰሌዳ ከ0.3 ፕላስቲክ ቁረጥ። ከዚያ ከጀርባው በኩል ጠርዙን ዙሪያውን በሞረድ አሾለው። ከፊት የሚያይ ሰው የሚያየው ስለቱን ብቻ ነው። መሃሉ ግን ጥንካሬው አለ፤ ስትይዘው አይሰበርም። የእግር ሳህኑንም እንዲሁ አድርገው፤ ከላይ በኩል ከንፈሩን አሾል። ለአንቴና ዘንግ ደግሞ ሥሩን በመርፌ ቱቦ ጀምረህ ከውስጡ ቀጭን ሽቦ አውጣለት። ሥሩ ይታያል፣ ጫፉ ይጠፋል። ሁለታችሁም የፈለጋችሁትን አገኛችሁ።

---

ሬዚን በጠርሙስ

ጋሼ፣ በዚህስ እጅ ሰጠሁ። የሳጥኑን ፋይል ከታች አያይዣለሁ። ቦልቶቹን በጥቂቱ ነው ያወጣኋቸው። ያለ ኖዝል ነው፤ ኖዝሎቹ በአረንጓዴው መርፌ ቁራጭ ተይዘው የሚገቡበት ቀዳዳ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። አረንጓዴው መርፌ ካልገባ በሞረድ ጫፍ ትንሽ አስፉት።

---

ንስር48 (አዲስ አበባ)

አውርጄዋለሁ፣ ይመስገን። ነገ አሳትመዋለሁ።

የመጨረሻ ጥያቄ። ከላይኛው ክፍል ፊት ለፊት ያለው የራዳር ሳህን። 61 ሳ.ሜ. ነው፤ በ1/48 12.7 ሚሊ ሜትር። ኪቱ ውስጥ ያለው ሳህን ድፍን ነው፤ ከፊቱም ምንም የለም። እንዴት ልሥራው?

---

የዲሲዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ከፊቱ ትንሽ ንዑስ አንጸባራቂ አለ። አራት ዘንጎች ከሳህኑ ተነስተው እየተጠጋጉ ይሸከሙታል። እሱ ራሱ 11.8 ሳ.ሜ. ነው፤ ባንተ ልክ 2.5 ሚሊ ሜትር። ዘንጎቹን የሳሪስ ልጅ ከሚስበው ፕላስቲክ አድርግ። ብረት እዚያ ይከብዳል።

---

ሰዓት ጠጋኝ

ሳህኑን እንደ ኖዝሉ በሙቀት ጫነው፤ ሚስማሩን ግን በብረት ኳስ ተካ። መካኒክ ቤት ጎራ በልና ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጣች ትልቅ ኳስ ጠይቅ። ኳሷ ከሳህኑ በደንብ ሰፋ ያለች ትሁን፤ ሳህኑ ጎድጓዳ እንዳይሆን። ትንሽ ጫን ብለህ ተው። ከዚያ በኮምፓስ 12.7 ክብ አስምረህ በመቀስ ቁረጥና ከጀርባው ጠርዙን አሾል።

ለትንሿ አንጸባራቂ ቀበቶ መብሻ ተጠቀም። ጫማ ሠሪዎች ጋር አለ። የሚሽከረከር ራስ ያለው ዓይነት ነው፤ ብዙዎቹ 2.5 ሚሊ ሜትር መብሻ አላቸው። እርጎ ኩባያው ላይ ብሳበት። የወደቀችውን ክብ አትጣላት፤ አንጸባራቂህ እሷ ናት። ኳሷ ላይ አስቀምጠህ በማንኪያ ጀርባ ሞቅ አድርገህ ጫን ብትላት ጎበጥ ትላለች። ጉብታው ወደ ሳህኑ ይዙር።

---

ንስር48 (አዲስ አበባ)

ገባኝ ጋሼ። ሠፈሬ ጫማ ሠሪ አለ፣ ጠዋት እጠይቀዋለሁ። ኩሽኔታውን ከምን አለሽ ተራ አመጣለሁ። የእግሮቹንና የኖዝሎቹን ፎቶ ቀለም ከመቀባቴ በፊት እዚሁ እለጥፋለሁ። የጠርዞቹን ውፍረት እንድታዩልኝ ነው፤ ወፍሮ የቀረ ካለ ሳታፍሩ ንገሩኝ።